ሽማግሌዎች የለመኑልኝ ዕረፍት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ፈቃዱ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛላችሁ እያልኩ፣ ከወልቂጤ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ የቱንም ያህል ቢረዝም ሰላምታዬ ሳይጎድል ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ የጨርቁን ጣቃ ሁሉ በራስህ ትከሻ ካላነሳህ ዛሬም ሱቁ የሚዘጋ ይመስልሃል? ባለቤትህ ዮርዳኖስስ ደኅና ናት? ትንሹ ኤልያስ ጥርስ አወጣ? በዚያ በሞያሌ ሙቀት ላይ ጭንብል ተጨምሮበት እንዴት ትሆኑ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል ብለህ ለእማዬ እንደነገርካት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ጌታ በሌላ በኩል ይክፈትላችሁ። እኛ፣ አባዬም እማዬም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እንዲያውም እኔ ደኅና ብቻ አይደለሁም። ደስታዬን አፍኜ ሰላምታውን በወጉ ልጨርስ ብዬ ነው እንጂ እጄ ወደ ወሬው ሊሮጥ እየታገለኝ ነው የምጽፍልህ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በስልክ ገና ሀ ብዬ ስጀምር "ቆይ ደንበኛ መጣ፣ መልሼ እደውላለሁ" ትለኛለህ፤ ስትመልስ ደግሞ ወሬው ያረጃል። ስለዚህ ሹፌሩ ራምዚ ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ ሊወርድ ነው ሲሉኝ ቶሎ ብዬ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት መሃል ላይ አያቋርጠኝም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የምነግርህ ነገር መጨረሻው ደስ ይላል፣ መሃሉ ላይ ግን በአባዬ ትበሳጭ ይሆናል። ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳትደውልለት።

ነገሩ ከትንፋሼ ይጀምራል። ትንፋሼን ደግሞ ከአንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ልጅ ሳለሁ አስሜ ሲነሳብኝ አዝለኸኝ በጀፎረው፣ በሰፊው የመንደራችን መንገድ ስትወጣ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ቤቶች እያሳየህ የጎረቤቱን ሁሉ ስም በተርታ ጥሪ ትለኝ ነበር። ሳላቋርጥ ከጠራሁ "ደኅና ነሽ፣ ወደ ቤት እንመለስ" ትላለህ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ካቆምኩ ደግሞ ምንም ሳትናገር እርምጃህን ታፈጥናለህ፤ ወደ ሐኪም እየሄድን እንደሆነ የማውቀው በዚያ ነው። አንዳንዴ መርፌውን ፈርቼ ስሞቹን በጥድፊያ እጠራልሃለሁ፤ ያን ጊዜም ታውቅብኛለህ፣ እንደገና ቀስ ብለሽ ጥሪ ትለኛለህ። ይህን ለምን እንዳነሳሁት ወደ ኋላ ይገባሃል።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን በጤና ጣቢያችን በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ እዚያ ይለያል፣ እኛ ነርሶች ደግሞ በተራ እንቆማለን። ድንኳኑ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይግላል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎኑ ሁሉ ይወርድና አየር አያስገባም። ሰው በወጣ ቁጥር በረኪና ይረጫል። እኔና በረኪና እንዴት እንደሆንን ታውቃለህ፤ እማዬ ልብስ ስታነጣ እንኳን ከግቢ ታስወጣኝ ነበር። አሁን ግን በረኪናው ሥራ ነውና ቆሜ መሳብ ነበረብኝ።

አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ለበሽታው ቀርቦ እንዳይሠራ የሚል መመሪያ ከላይ መጥቷል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሁላችንም በየቀኑ በፊቱ እናልፋለን። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ጥቂት ነን፤ እኔ ብቀር የኔን ተራ የሚሸከሙት ጓደኞቼ ናቸው። ደግሞ በዚያ ሰሞን አስም አለብኝ ማለት ቀላል አልነበረም፤ ሳል ከወንጀል ይቆጠር ነበር። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሳይታሰብ ሳል አመለጠኝ። የኋላው ወንበር በሙሉ ተለቀቀልኝና እንደ ባለሥልጣን ብቻዬን ተንደላቅቄ ሄድኩ። እየሳቅኩ ነው የምነግርህ፤ ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናቡ ድንኳኑን ዘግቶ፣ በረኪናው ገና ተረጭቶ ሳለ ደረቴ ጠበቀ። በኪሴ የምይዘውን የሚሳብ መድኃኒት ላወጣ ብል በዚያ ሁሉ መከላከያ ልብስ ውስጥ እጄ ኪሴን አላገኘውም። ሰፍያ ነች ያየችኝ። ሰፍያን በስም ታውቃታለህ፣ አብራኝ ቤት የተከራየችው የቡታጅራዋ ነርስ ናት። ጎትታ ወደ ሜዳው አወጣችኝ፣ ልብሱን ከላዬ ቀዳ ጣለችው፣ መድኃኒቴን አፌ ላይ ያዘችልኝ። ትንፋሼ ሲመለስ ልታጽናናኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ቆጣ ብላ "ዛሬ ማመልከቻ ካልጻፍሽ ወላሂ እኔ እጽፍብሻለሁ" አለችኝ።

ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ በደንብ ያዝልኝ፣ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ልቅር አላልኩም። ከድንኳኑ ተነስቼ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ልሥራ፣ እኔ ባለሁበት በረኪና አይረጭ፣ ፊቴ ላይ በትክክል የሚገጥም ጭንብል ይሰጠኝ ነው ያልኩት። የነርሶች አስተባባሪያችን ሲስተር አሰፋሽ ወረቀቱን አንብባ "ሁሉም ሰው መስኮት ከፈለገ በሩን ማን ይጠብቀዋል?" አለችኝ። ነገሩ ከበደኝ፤ ግን እሷም እኮ ቀን ከሌት ቆማ ነው የምትውለው። ኃላፊያችን አቶ አዳነ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ቶሎ እሺ ማለትም ቶሎ እምቢ ማለትም አይወድም። "እናየዋለን" ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔም እስኪያየው ድረስ ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ።

አሁን እማዬ እንዴት እንደሰማች ልንገርህ። በጸሎት ርዕስ ነው የሰማችው። እኔ ወልቂጤ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት ቡድኔ ብቻ ስለ ትንፋሼና ስለ ሥራዬ ጸልዩልኝ አልኩ። ከቡድኑ አንዷ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ቸሃ አገራችን አደረሰችው፤ እሑድ ላይ እማዬ ዓይኗን ጨፍና በተቀመጠችበት፣ ከመድረኩ "ድንኳን ውስጥ ትንፋሽ ላጠራት ለእህታችን ለሩት እንጸልይ" ሲባል ሰማች። ከአሜኑ በፊት ተነስታ ወጣች አሉ።

አባዬን ታውቀዋለህ። ከባድ ነገር በወረቀት ያልቃል ብሎ አያምንም። ማመልከቻ አስገብታለች ሲሉት "ወረቀት ምን አፍ አለው" አለና የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ላከ። የተላኩትም የመጋዙ ባለቤት ጋሽ አምሀና ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጋሽ ሸረፋ ናቸው። ለእኔ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። እኔ ምን ፈልጌ እንደጻፍኩም የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌ የተላከለት ሰው ምን ይጠየቃል ብለው ነው።

የመጡ ዕለት በሩ ላይ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭንብላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከሚኒባስ ሲወርዱ አይቼ ልቤ ደነገጠ። ማን ሞተ አልኳቸው። ማንም አልሞተም፣ የራሳችን ጉዳይ ነው አሉኝ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው፣ ግንባራቸው ላይ ሙቀት መለኪያውን አነጣጠርኩ። ጋሽ ሸረፋ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢስሚላህ አሉ። ትኩሳት የላቸውምና እለፉ አልኳቸው፤ ጉዳያቸው እንዲቃናም ከልቤ ተመኘሁላቸው። አየህ፣ ወደ ገዛ ጉዳዬ በገዛ እጄ ለክቼ አስገባኋቸው።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ጋሽ አምሀ ናቸው የነገሩኝ። አቶ አዳነ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ወንበር አራርቆ አቀረበላቸው። እነሱ ግን አልተቀመጡም፤ እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉት። አቶ አዳነም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ጉዳዩን ሳይሰሙ ቀድሞ እሺ እንደሚባል ያውቃል። በዚያ ላይ ከወንድሙ ጋር በወሰን ከተኳረፈ ቆይቷል፤ ሊያስታርቁኝ መጡ ብሎ እንባው ቀረረ። "የፈለጋችሁትን እሺ ብያለሁ" አላቸው። ተቀመጡ። "እንግዲያው ልጃችን ሩት ይህ በሽታ እስኪያልፍ ወደ አባቷ ቤት ትግባልን" አሉት። ወንድሜን ይቅር በል እባላለሁ ብሎ የተዘጋጀ ሰው አንዲት ነርስ ብቻ ስትጠየቅ ቀለለው መሰለኝ፣ በማግሥቱ የዕረፍት ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር።

መስኮት ጠይቄ በር አገኘሁ ጋሼ። ደብዳቤውን ይዤ የጠየቅኩት ይህን አይደለም ብዬ ብነግረውም አቶ አዳነ አንገቱን ደፍቶ ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም አለ። ሰፍያ እስከ ተከራየነው ቤት ሸኘችኝና ሻንጣዬን ዘጋችልኝ።

ቸሃ ስደርስ የመንደሩ ሰው ከሩቅ እየቆመ "እንኳን ጌታ አወጣሽ"፣ "እንኳን አላህ አተረፈሽ" ይለኝ ጀመር። አባዬ ደረቱን ነፍቶ ጀፎረው ላይ ሲንጎራደድ ብታየው በሬ የተሸለመ ሰው ይመስል ነበር። እማዬ ቅቤውን በላይ በላዩ ታበላኛለች። እኔ ደግሞ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ፣ ጓደኞቼ የኔን ተራ ጨምረው ሲቆሙ እያሰብኩ እንባዬን እውጣለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ እኮ። የተማርኩት ሰው ሲታመም እንድሸሽ አይደለም። ይህን ለእማዬ ስነግራት "ብይ" ትለኛለች።

በነሐሴ መጀመሪያ እትዬ መሕቡባ፣ የጋሽ ሸረፋ ባለቤት፣ አተኮሳቸውና ወልቂጤ ወርደው ተመረመሩ፤ በሽታው ተገኘባቸው። ሕመማቸው ያን ጊዜ ቀላል ስለነበር ቤታቸው ተለይተው ይቆዩ፣ በስልክ እንከታተላለን ተባሉ። የምትደውልላቸው ሰፍያ ናት። እትዬ መሕቡባ ደግሞ አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ ሰፍያ የምታውቀው የመስቃን ቋንቋ ከኛ ከቸሃው አይገጥምም። ሰፍያ እንዴት አደሩ ስትል እሳቸው አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ ያሳልዎታል ስትል አልሐምዱሊላህ፤ ትንፋሽ ያጥርዎታል ስትልም አልሐምዱሊላህ። ሰፍያ ጨነቃትና ለእኔ ደወለች፤ አንቺ ቅርብ አይደለሽም ወይ አለችኝ።

ቅርብስ ነኝ፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ግን አልገባም። እንሰቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ቆሜ ደወልኩላቸው። ጋሽ ሸረፋ ከበራቸው ላይ ሆነው እያዩኝ "እዚያ ቆመሽ በስልክ? ጮክ ብትዪ እኮ ይሰማል" ብለው ሳቁ። እኔም የበሽተኛ ምሥጢር በአጥር አይጮህም አልኳቸው። በየጠዋቱ በቋንቋችን አዋራቸዋለሁ፤ ምን በሉ፣ ምን ጠጡ፣ ትኩሳቱ እንዴት አደረ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የልጅ ልጆችዎን ስም በተርታ ይጥሩልኝ እላቸዋለሁ። ገባህ አይደል ጋሼ? ያንተን ዘዴ ነው። እሳቸው ጨዋታ መስሏቸው ደስ እያላቸው ይጠራሉ፣ እኔ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ተክዬ የት ጋ እንደሚያቆሙ አዳምጣለሁ።

አንድ ጠዋት ድምፃቸው ደኅና ነው፤ ሲስቁም ሰማኋቸው። ስሞቹን ሲጠሩ ግን ገና ከጅምሩ አቋረጡ። ቀስ ብለው ይድገሙልኝ አልኳቸው፣ ደግመው እዚያው ጋ ቆሙ። እሳቸው አልሐምዱሊላህ እያሉ ነው። እኔ ግን ያንተ እርምጃ ሲፈጥን የሚሰማኝ ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ። ለሰፍያ ደወልኩ፣ አምቡላንስ ጠራች፣ ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ላይ ተደረጉ። ሐኪሙ በጊዜ ደርሳችኋል አለ። ከሰነበቱ በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔም ያን ጊዜ ነው የምፈልገውን በትክክል ያወቅኩት። ቤታቸው ተለይተው የተኙ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች በየመንደሩ አሉ፣ በቋንቋቸው የሚያዋራቸው ሰው የላቸውም። ለዚህ ሥራ ድንኳን አያስፈልግም፣ በረኪና አያስፈልግም፤ አንድ ስልክና አንድ መስኮት ይበቃል። ይህን ለአቶ አዳነ ደውዬ ነገርኩት። ሐሳቡን ወደደው፣ ግን ተንተባተበ። ቃሌን የወሰዱት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱ ራሳቸው መጥተው ካልመለሱልኝ አልነካውም አለ። ከበላዮቹ ይልቅ ጋሽ አምሀን ነው የሚፈራው።

ለአባዬ ነገርኩት። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ተለምኖ የተገኘን ነገር ይቅርብን ብሎ መልሶ የሚለምን ሽማግሌ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም፣ ልታዋርጂኝ ነው አለ። እኔም ዝም አላልኩም። አባዬ፣ ስለ እኔ ስትልክ እኔን አልጠየቅከኝም አልኩት። ይህን ለአባቴ የምናገር ልጅ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱም ወደ በሩ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፈቃዱ ሞያሌ ነው። አሁን ትንፋሽሽ ቢቆም ማን ያዝልሻል? እኔ ጉልበት የለኝም" አለ። ቁጣው ሁሉ ፍርሃት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ ጋሼ። ሄጄ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ወደ ጋሽ ሸረፋ ሄድኩ። እሳቸውም የመለያ ጊዜያቸውን ጨርሰው ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝና "ያን ቀን በር ላይ ግንባራችንን ስትለኪን አንቺን ብንጠይቅሽ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አላህ ይቅር ይበለን" አሉ። ከዚያ ጋሽ አምሀን አስጠሩ። ጋሽ አምሀ እንደ አባዬ ማንገራገር ጀምረው ነበር፤ እትዬ መሕቡባ ከጓዳ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሳያቋርጡ ጮክ ብለው ጠሩና "ይህን የሰማችው እሷ ናት" አሏቸው። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። አባዬ ብቻ አብሬ አልሄድም ብሎ ቀረ።

ሁለተኛውን ጉዞ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። በሩ ላይ የለካችን ሰፍያ ናት፤ ሽማግሌዎቹን እየለካች በጭንብሏ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቶ አዳነ ዱላቸውን ከሩቅ ሲያይ ወንበር ይዞ ሮጠ። እንደ ልማዳቸው እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉት። እሱም እጁን አጣምሮ፣ በጣም በትሕትና፣ አባቶቼ ዛሬስ አስቀድሜ ልስማ አለ። ጋሽ አምሀ ሳቃቸውን መቋጠር አቅቷቸው ተቀመጡ። ከዚያ ጋሽ ሸረፋ እኛ አንናገርም፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ትናገር አሉ። እኔ፣ በሽማግሌዎች መካከል ቆሜ፣ ስለራሴ ተናገርኩ። ምን መሥራት እንደምችል፣ ምን እንደማልችል፣ ለምን እንደሆነ። ትንፋሼም አልከዳኝም። ስጨርስ አቶ አዳነ ጠረጴዛው ላይ የሰነበተችውን ማመልከቻዬን አምጥቶ እዚያው ፊታችን ፈረመባት።

ክፍሌን ላሳይህ ብችል። ድሮ የተሰበሩ አልጋዎች የሚከማቹበት ነበር። አስጸዱት፣ መስኮቱን ጠግነው ከፈቱት፤ ባጃጆቹ ሲያልፉ ይታየኛል፣ ንፋሱ ወረቀቴን ያበርረዋል። የሚገጥም ጭንብል ተሰጠኝ፣ በክፍሉ አካባቢ በረኪና አይረጭም፣ ወለሉን የሚያጸዱትም እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ስልክ አለ። ከቸሃ ጀምሮ እስከ ጉንችሬ ያሉትን አዋራለሁ፤ የእነሞሩ ቋንቋ ሲከብደኝ የካርድ ክፍሏን ልጅ እጠራለሁ። ሁሉንም የሰው ስም አስጠራቸዋለሁ፤ አንዱ የበሬዎቹን ስም ካልሆነ አልጠራም ብሎኝ ስስቅ ዋልኩ። ሲስተር አሰፋሽም በቀደም ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች። ስኳር እንዳለባት፣ ለማንም ነግራ እንደማታውቅ አጫወተችኝና እንዴት ብዬ እንደጻፍኩ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አብረን ተቀምጠን ጻፍነው። እሷም ከድንኳኑ ልትነሳ ነው።

አባዬስ አትልም? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስልክ እያዋራሁ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ሳነሳ የጋቢ ጫፍ አየሁ። ግድግዳውን ተደግፎ ውጭ ቆሟል፤ ሊያየኝ ሳይሆን ሊሰማኝ ነው የመጣው። አውቄ ንግግሬን አላቋረጥኩም፤ እንዲያውም አስረዘምኩት። ስጨርስ ወጥቼ ብፈልገው የለም። እማዬ እንደነገረችኝ ቤት ሲገባ ገበያ ነበርኩ ብሎ ተቀመጠና "ልጅቷ ሳታቆም ነው የምታወራው" አላት፤ ከዚያ እራት አምጪ አለ። ስለዚህ ስትደውልለት አትቆጣው ጋሼ። ለመስቀል መንገዱ ከተቃናልህ ደግሞ ና፤ ካልተቃናልህም እናንተ ደኅና ሁኑልን እንጂ በዓሉ ይደርሳል።

እማዬ በራምዚ እጅ ቆጮና ሚጥሚጣ ልካለች፣ ሚጥሚጣው ለዮርዳኖስ ነው፣ አንተ እንዳትጨርሰው። ሰላምታዬን ለባለቤትህ ለዮርዳኖስ፣ ለትንሹ ኤልያስ፣ ለሱቅ ጎረቤትህ ለከድሮ፣ ለከድሮ ሚስት ለዛህራ አድርስልኝ፤ ከዚህ ደግሞ አባዬ፣ እማዬ፣ ሰፍያ፣ ጋሽ ሸረፋ፣ እትዬ መሕቡባ፣ ጋሽ አምሀ፣ ሲስተር አሰፋሽ፣ አቶ አዳነም ሳይቀር፣ በጀፎረው ግራና ቀኝ ያለው ጎረቤት ሁሉ በየስሙ ሰላም ብሎሃል። ይህን የሰላምታ ክፍል ደብዳቤውን ከማጠፌ በፊት መስኮቴ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ አንተ እንደምትፈልገው አነበብኩት። የትም ጋ አላቋረጥኩም። ወደ ቤት እንመለስ ጋሼ።

እህትህ ሩት
ወልቂጤ፣ መስከረም 8 ቀን 2013 ዓ.ም.